ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ማሽን ውስጥ ከተትኩ፤ 3ኛ ቀኔ ነው፣ የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ መሰለኝ

ጀማሪዋ_ከሰሚት | ቀን 3

ሰላም ቤተሰብ። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። ዛሬ ግን ጭንቅ ይዞኝ ነው የምጽፈው።

48 እንቁላል የሚይዝ የቻይና መፈልፈያ ማሽን ከመርካቶ ገዛሁ። ሻጩ «ሶኬት ላይ ሰክተሽ መርሳት ነው፣ በ21 ቀንሽ ጫጩትሽን ማንሳት» አለኝ። መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ እሱን ከማመን ውጭ ምርጫ አልነበረኝም። እንቁላሉ ከአክስቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ስትመጣ 24 የሐበሻ እንቁላል በገብስ ጭድ ደርድራ ይዛልኝ መጣች። ጾም ስለገባ ገበያው ቀዝቅዟል፣ «በማይረባ ዋጋ ከምሸጠው አንቺ ሞክሪበት» ብላ ነው።

ማክሰኞ ማታ ከተትኩት። ማሽኑ 37.8 ዲግሪ ይላል፣ እርጥበት 38 ይላል። በየ2 ሰዓቱ ራሱ ያዞራል ተብያለሁ። ሲዞር ግን አይቼው አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ ስመለከት የማዞሪያው ገመድ ከነጭራሹ አልተሰካም! ሁለት ቀን ሙሉ እንቁላሎቹ በአንድ ጎናቸው ተኝተዋል።

አበቃላቸው? ልጄ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አውርታለች።

ጋሽ_ቢሾፍቱ

ልጄ፣ አላበቃላቸውም። ገመዱን ሰክተሽ ቀጥዪ።

ሽሉ የሚያርፈው አስኳሉ ላይ ነው። አስኳል ከነጩ ይልቅ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። እንቁላሉ ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቅና በዚያው ይቀራል። ታቃፊ ዶሮ በመንቁሯ እየገፋች እንቁላሎቹን የምታገላብጠው ለዚህ ነው። ይህ ችግር የሚብሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሁለቱ ቀን ጥቂቶቹን ሊያስከፍልሽ ይችላል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

በአንዱ ጎን የመስቀል ምልክት፣ በሌላው ጎን ክብ አድርጊባቸው። መዞራቸውን በዓይንሽ ታያለሽ። በእርሳስ ይሁን፣ በእስክሪብቶ አይደለም። ቅርፊቱ ይተነፍሳል፣ ቀለም ወደ ውስጥ ይገባል። ማዞሪያው ከተበላሸብሽ በእጅሽ በቀን 3 ወይም 5 ጊዜ። ጎዶሎ ቁጥር የምልሽ ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ በየሌሊቱ በአንድ ጎን ብቻ እንዳያድሩ ነው።

ከገመዱ በላይ ያስደነገጠኝ ግን «ማሽኑ 37.8 ይላል» ያልሽው ነው። ማሽኑ የሚለውንማ እሱ ይላል። ሌላ ቴርሞሜትር አለሽ?

ጀማሪዋ_ከሰሚት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ነፍሴ ተመለሰች። ሌላ ቴርሞሜትር የለኝም። የልጄ የትኩሳት መለኪያ ብቻ ነው ያለው።

ጋሽ_ቢሾፍቱ

ከእሱ የተሻለ ከየት ታመጪያለሽ! የትኩሳት መለኪያ የተሠራው ለዚሁ አካባቢ ሙቀት ነው። ትንሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ እንቁላሎቹ መሃል አስቀምጪ፣ 2 ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ውሃውን ለኪው። ማራገቢያ ላለው ማሽን 37.5 መሆን አለበት። ማራገቢያ ከሌለው አየሩ ከላይና ከታች ስለሚለያይ በእንቁላሉ አናት ልክ 38.5 ገደማ ይሁን።

እርጥበቱ 38 ዝቅ ብሏል። እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 መካከል ያዢው። ውሃ ሲጨምሩ ጥልቀቱ አይደለም ቁም ነገሩ፣ ስፋቱ ነው። ሁለተኛውን የውሃ ቦይ ሙዪ ወይም እርጥብ ስፖንጅ አስገቢ።

ሰፈርተኛው

እኔ የምለው፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው አይደል? 4ኛ ፎቅ ላይ አውራ ዶሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲጮኽ የኮሚቴው ስብሰባ ላይ እንገናኝ 😂

በነገራችን ላይ «ቀስ በቀስ እንቁላል...» የሚለውን ተረት የሚጽፍ ሰው ከዚህ ክር ይባረር። ከወዲሁ ነው የምናገረው።

ድሬ_ልጅ

አቦ የእናንተ ችግር ብርድ ነው፣ የኛ ሌላ ነው። እኔ አምና የመጀመሪያዬን ስሞክር ማሽኑን መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ከሰዓት ፀሐይ መታው። ስመለስ 40.5 ይላል። 30 እንቁላል፣ አንድ እንኳን አልወጣም። ቅዝቃዜን ይችሉታል፣ ሙቀትን አይችሉም። 39.5 አልፎ ከቆየ አደጋ ነው። ማሽኑን ፀሐይም ነፋስም የማያገኘው ክፍል አድርጊ፣ ፍሪጅ አጠገብም አይሁን።

ጀማሪዋ_ከሰሚት | ቀን 4

ለካሁት። ማሽኑ 37.8 ሲል ውሃው 36.7 ነው!!! ከአንድ ዲግሪ በላይ ዋሽቶኛል። አሁን ማሽኑን 38.6 ላይ አድርጌ ውሃው 37.5 ሆኗል። ሻጩ ጋ ደውዬ ነበር፣ «የቻይና ዕቃ ትንሽ ትንሽ ይለያያል» አለኝ።

ጋሽ_ቢሾፍቱ

ጥሩ አደረግሽ። በዝቅተኛው ብትቀጥዪ ኖሮ በ21 ሳይሆን በ23፣ በ24 ይወጡ ነበር፣ እነሱም እምብርታቸው ሳይዘጋ፣ እግራቸው ሳይጠና። አራቱ ቀን ቀዝቀዝ ብሎ ስላለፈ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን ቢዘገዩብሽ አትደንግጪ።

ቲጂ_ኩሽና

ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ እኔ ከሱቅ የገዛሁትን የፈረንጅ እንቁላል ባስገባውስ? ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ።

ድሬ_ልጅ

ቲጂዬ እሱን ጥብስ አድርጊው። እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚያረቡ ድርጅቶች አውራ ዶሮ አያስገቡም። ዶሮዋ ያለ አውራም ትጥላለች፣ ጫጩት ግን የለውም። ለማስፈልፈል ከሆነ ለ10 ዶሮ አንድ ጎበዝ አውራ ካለበት ግቢ ነው።

ጋሽ_ቢሾፍቱ

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ሳሶ ወይም ቦቫንስ ያላቸው ሰዎች አውራ እየቀላቀሉ ያስፈለፍሉና «ልጆቹ እናታቸውን አልመሰሉም» ብለው ያዝናሉ። ዲቃላ ናቸው፣ የወላጆቻቸውን ምርት መልሰው አይሰጡም። ለጀማሪ የሐበሻው ይሻላል። ወይ ኩኩክ የሚባለው ዝርያ።

ምርጫ ላይም ጥንቃቄ አለ። ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ቅርጹ ያልተጣመመ። ፍሪጅ ያልገባ። ያልታጠበ! ቅርፊቱ ላይ ተሕዋስያን እንዳይገቡ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ፣ ሲታጠብ ይሄዳል። እናቶቻችን ሾጣጣው አውራ ይወጣዋል፣ ክቡ ቄብ ይወጣዋል እያሉ ይመርጡ ነበር። 20 ዓመት ጫጩት ማስፈልፈያ ስሠራ አይቼዋለሁ፣ ቅርጹ ምንም አይናገርም።

ሰፈርተኛው

የኔ አያትስ ነጎድጓድ እንዳያበላሻቸው ብላ እንቁላሎቹ መሃል ብረት ትከት ነበር። ማሽኑ ውስጥ ሚስማር ይግባ ወይ ጋሼ? 😅

ጋሽ_ቢሾፍቱ

ማሽኑ በራሱ በቂ ብረት አለው።

ጀማሪዋ_ከሰሚት | ቀን 7

ትናንት ማታ መብራት አጥፍተን አየናቸው። የስልኬን መብራት በሶፍት ካርቶን ውስጥ አስገብቼ እንቁላሉን በሰፊው በኩል አስጠጋሁት። ኧረ እናንተ ሰዎች! ቀይ ክሮች፣ ልክ የሸረሪት ድር። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ። ነጥቡ ይንቀሳቀሳል! ልጄ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኔም ሳላስበው ድምፄን ቀንሼ ነበር የማወራው፣ የሚሰሙ ይመስል።

15ቱ እንደዚህ ናቸው። 7ቱ ግን ጥርት ብለው ቢጫ ናቸው፣ ምንም የለባቸውም። ሁለቱ ውስጥ ደግሞ ቀይ ቀለበት አለ፣ ክር የለውም።

ጋሽ_ቢሾፍቱ

ሰባቱ አውራ ያላገኛቸው ናቸው። ሁለቱ ጀምረው የሞቱ ናቸው፣ ደሙ ወደ ዳር ሸሽቶ ቀለበት ይሠራል። ዘጠኙንም አውጪ። የሞተ እንቁላል ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ይገማል፣ አንዳንዱ ይፈነዳል። አንዱ ሲፈነዳ ሌሎቹን ይበክላል፣ ሽታውን ደግሞ አልነግርሽም።

15 ከ24፣ በአውቶቡስ ተንገጫግጮ ለመጣ እንቁላል፣ ለዚያውም ገመድ ሳይሰካ፣ በጣም ጥሩ ነው። ለሚቀጥለው ግን ከመንገድ የመጣ እንቁላል ወዲያው አይገባም። ሾጣጣውን ወደ ታች አድርገሽ በክፍሉ ሙቀት አንድ ቀን አሳርፊው።

ፊዚክስ_ቲቸር

ማንም ስላላነሳው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ኦክስጅኑ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በስስ አየር ውስጥ ውሃም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር። የማሽኑን የአየር ቀዳዳ «ሙቀት ያስወጣል» ብለሽ እንዳትደፍኚው፣ በተለይ በመጨረሻው ሳምንት። እርጥበቱንም ጠብቂ፣ አሁን በበጋው የቤታችን አየር ደረቅ ነው።

አክስትሽ ደግሞ ሳታውቀው ውለታ ውላልሻለች። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ደጋ የኖሩ ዶሮዎች የሚጥሉት እንቁላል ውሃ ቶሎ አያስወጣም። ከቆላ የመጣ እንቁላል ነው እዚህ የሚቸገረው።

ድሬ_ልጅ

አሃ! ለዚህ ነዋ ለወንድሜ አዲስ አበባ የላክሁለት እንቁላል አልወጣ ያለው። እኔ ደግሞ አንተ ነህ ያበላሸኸው እያልኩ ስሰድበው ከረምኩ።

ጀማሪዋ_ከሰሚት | ቀን 11

መብራት ሄደ። 3 ሰዓት ሊሆነው ነው። ምን ላድርግ???

ጋሽ_ቢሾፍቱ

ክዳኑን አትክፈቺ። ጋቢ አለሽ? ማሽኑን በጋቢ ሸፍኚው፣ የአየር ቀዳዳው ግን ክፍት ይሁን። ውሃ አሙቂና ሁለት ሃይላንድ ሞልተሽ በጎንና በጎኑ፣ ከጋቢው ሥር አድርጊ። የፈላ አይሁን፣ እጅሽ የሚችለው ይሁን። ዶሮም እኮ ለመብላት ትነሳለች፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሳ ታሞቀዋለች። ከ18ኛው ቀን በኋላ ከሆነ ደግሞ ጫጩቶቹ ራሳቸው ሙቀት ስለሚያወጡ ብርዱን ሳይሆን መታፈኑን ፍሪ።

ጀማሪዋ_ከሰሚት

ከ5 ሰዓት በላይ ቆይቶ መጣ። ሃይላንዱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ባለቤቴ «ለኔ እንኳን እንዲህ ጋቢ አልብሰሽኝ አታውቂም» አለኝ።

ፊዚክስ_ቲቸር

ግብፆች በጭቃ ቤት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ሲያስፈለፍሉ የኖሩት ከመብራት በፊት ነው። ቴርሞሜትርም አልነበራቸውም። ሠራተኛው እንቁላሉን የዓይኑ ቆብ ላይ አስጠግቶ ነበር ሙቀቱን የሚያውቀው።

ጀማሪዋ_ከሰሚት | ቀን 18

13 ቀርተዋል። ሁለቱ ውስጥ እንቅስቃሴ የለም፣ አወጣኋቸው። የቀሩት ጥቁር ብለው ሞልተዋል፣ በሰፊው በኩል ያለው የአየር ቦታ ብቻ ነው ብርሃን የሚያሳልፈው። አንዱን ሳየው መንቁር የመሰለ ነገር ጥላው ታየኝ።

ጋሽ_ቢሾፍቱ

በቃ አሁን ማዞሩን አቁሚ። ማዞሪያውን አውጥተሽ ከሥር ጨርቅ ወይም ሶፍት አንጥፊ፣ ሲወጡ እግራቸው እንዳይንሸራተት። እርጥበቱን 65፣ 70 አድርሺ። ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል፣ ጫጩት እስኪደርቅ አይከፈትም። አይከፈትም ማለት አይከፈትም ነው ልጄ። አንዱ ጭሮ፣ ማለትም ቅርፊቱን በመንቁሩ ሰንጥቆ ሲቆም ልትረጂው ያምርሻል። መጀመሪያ ጭሮ እስኪወጣ 24 ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። የቆመ ይመስልሻል እንጂ አልቆመም፣ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እያስገባ፣ የቅርፊቱን ደም እየሰበሰበ ነው።

ጀማሪዋ_ከሰሚት | ቀን 21፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

እንቅልፍ የለም። የመጀመሪያው ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ጭሯል። ቅርፊቱ ላይ ጤፍ የምታክል ስንጥቅ። ይጮኻል! ከውስጥ ሆኖ ጲው ጲው ይላል፣ እኔ ሳፏጭለት ይመልስልኛል። ልጄ ማሽኑ አጠገብ ፍራሽ አውርዳ ተኝታለች።

ጀማሪዋ_ከሰሚት | ቀን 22

9 ወጡ!!! የመጀመሪያው ንጋት ላይ ነው። ቅርፊቱን ዙሪያውን እንደ ቆርቆሮ ክዳን ቆረጠው፣ በእግሩ ገፋውና ወደቀ። እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ አንገቱን መሸከም የማይችል። ከ4 ሰዓት በኋላ ዞሬ ሳየው ቢጫ ኳስ ሆኗል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። 10ኛው ጭሮ ነበር፣ ትንሽ ቀዳዳ ሠርቶ መንቁሩ ይታያል። ጫጩቶቹን ላውጣ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ። አንዴ አይደለም፣ እያንዳንዱ በደረቀ ቁጥር። አራት አምስት ጊዜ። ማታ ላይ ያ ስስ ሽፋን ደርቆ ጫጩቱ ላይ እንደ ላስቲክ ተጣብቆበት አየሁ። ለብ ባለ ውሃ በጥጥ አራስኩት፣ አልሆነም። ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። ሦስቱ ደግሞ አልጫሩም።

ጋሽ_ቢሾፍቱ

አይዞሽ። ሁላችንም በዚህ አልፈናል። የወጡት ጫጩቶች በሆዳቸው ባለው አስኳል ያለ ምግብና ውሃ 2 ቀን መቆየት ይችላሉ። ስለዚህ አንዱን ለማውጣት መቸኮል የለም፣ ሌሎቹ እስኪወጡ ማሽኑ ውስጥ ይቆያሉ። ይህን ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ የኔም ጥፋት አለበት።

ያልጫሩትን ሰብረሽ እያቸው። ይከብዳል፣ ግን ምን እንደሆነ ይነግርሻል።

ጀማሪዋ_ከሰሚት

እሺ ጋሼ፣ ሰበርኳቸው (ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች)። ሁለቱ ሙሉ ጫጩት ናቸው፣ አስኳሉ ግን ገና ውጭ ነው። ሦስተኛው ጭንቅላቱ በሾጣጣው በኩል ነው።

ጋሽ_ቢሾፍቱ

ሦስተኛው ተገልብጦ ስለነበር አየሩን አላገኘውም። ሁለቱ መጨረሻ ላይ የደከሙ ናቸው። የመጀመሪያው ቅዝቃዜ ወይም የመብራቱ ነገር ይሆናል።

ቲጂ_ኩሽና

እንኳን ደስ አለሽ! አሁንስ የት አደረግሻቸው?

ጀማሪዋ_ከሰሚት

ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ከላይ አምፖል አለ። መጀመሪያ ጋዜጣ አንጥፌላቸው ነበር፣ እግራቸው እየተከፈተ ሲንሸራተቱ አይቼ ሰጋቱራ አደረግኩበት። አምፖሉ ሥር 35 ዲግሪ ነው።

ድሬ_ልጅ

በየሳምንቱ 3 ዲግሪ እየቀነስሽ ሂጂ። ግን ከቴርሞሜትሩ በፊት እነሱን እያቸው። አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ጥግ ጥጉን ይዘው ክንፋቸውን ከዘረጉ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ከበሉ ሰላም ነው። መጠጫው ውስጥ ጠጠር ክተቺበት፣ ይሰጥማሉ።

ፊዚክስ_ቲቸር

መብራት የሚያስቸግርሽ ከሆነ ሃይቦክስ የሚባለውን ሥሪ። ሳጥን በሳጥን ነው፣ ዙሪያው ደረቅ ሳር ይጠቀጠቃል፣ ከላይም የሳር ትራስ ይደረጋል። ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ነው የሚሞቁት። ለ9 ጫጩት ግን ሳጥኑን ጠበብ አድርጊው፣ ሰፊ ከሆነ አይሞቅም።

ጋሽ_ቢሾፍቱ

የፈንግል ክትባት እንዳትረሺ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን ጠብታ ይሰጣል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው፣ ከተከፈተ አይቀመጥም። ሰፈር ውስጥ ጫጩት ያለው ሰው ፈልገሽ በጋራ ግዙ። በበረዶ ይዘሽው ሂጂ። ፈንግል ከገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ሁሉንም ሊጨርስብሽ ይችላል።

ሰፈርተኛው

እኔ 6 አሉኝ፣ ቦሌ አራብሳ ነኝ። እንካፈል። ስለ ኮሚቴው ያልኩትን ሰርዡልኝ።

ጀማሪዋ_ከሰሚት | ከ5 ሳምንት በኋላ

ጠይቃችሁኝ ስለነበር ነው። አንዱ በሁለተኛው ቀን ሞተ፣ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር። 8ቱ ደህና ናቸው፣ ክንፍ አውጥተዋል፣ ካርቶኑን ዘለው ይወጣሉ። ሦስቱ ቀይ ጉትዬ ጀምረዋል፣ ጋሼ እነሱ አውራ ናቸው መሰለኝ። አክስቴ ለፋሲካ ስትመጣ አይታቸው «ዶሮዬ ብትታቀፋቸው ኖሮ 20 ታወጣልኝ ነበር» አለች። አልተከራከርኳትም።

ስትመለስ ሌላ 30 ላከችልኝ። አንድ ቀን አሳረፍኳቸው። ፊዚክስ_ቲቸር በውስጥ መልእክት እንደነገረኝ እያንዳንዱን መዝኜ ክብደቱን በእርሳስ ጻፍኩበት፤ 42 ግራም የነበረው እስከ 18ኛው ቀን 5 ግራም ገደማ መቅለል አለበት ብሎኛል። የውሃ ብርጭቆዋ ውስጥ ናት፣ 37.5። ዛሬ ማታ ይገባሉ።

የማዞሪያው ገመድ ተሰክቷል። ሁለቴ አይቻለሁ።